አስራ ስምንት ለባዶ

ልጄ ያሸነፈች ቀን እኔ አታሸንፍ ብዬ ጸልያለሁ። እንዲህ ያለች እናት አለች? አለች፣ እኔ ነኝ። መሸነፉ እንኳ ቢቀር ለዚያኛው ቡድን አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ብቻ ጣል አድርግላቸው እያልኩ፣ ሮዘተንቪል ሜዳ ዳር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጌታን ስለምን ዋልኩ። ጌታም እንዳልሰማ አለፈኝ።

ጨዋታው ቤዝቦል ነው። እኛ ሆሳዕና ስናድግ ኳስ ማለት በእግር የሚመታ ነበር። ይሄኛውን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አልጨረስኩትም። ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ዱላ የያዘው ልጅ ለመምታት ይሞክራል፣ ሦስቴ ከሳተ ወጣ፣ ሦስት ልጆች ከወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ያልፋል። ከመታ ደግሞ ሮጦ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ሲመለስ አንድ ነጥብ ይጻፍለታል። የሚወረውረው ሰው ጎበዝ ከሆነ የዚያኛው ቡድን ቁጥር ከባዶ ፈቀቅ አይልም። የዚያን ቅዳሜ ወርዋሪዋ ልጄ ነበረች። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ይቺን አስራ አንድ ያዙልኝ፣ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው።

መወርወር ያስተማራት አሰልጣኝ አይደለም፣ ካልሲ ነው። እኔና ባለቤቴ ጀፕስታውን አጠገብ ባለው የጅምላ ሰፈር ካልሲና ብርድ ልብስ የምንሸጥባት ሱቅ አለችን። ሱቅ ስላችሁ፣ አንድ አልጋ ብታስገቡባት በሩ አይዘጋም። ጣሪያዋ ግን ሰማይ ነው፣ ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ወደ ላይ ይከመራል። ባለቤቴ መሰላል ላይ ይወጣና «ወርውሪ!» ይላል። ከታች ያለው ሰው በደርዘን የታሰረ ካልሲ ይወረውርለታል፣ እሱ በአንድ እጁ መደርደሪያውን ይዞ በሌላው ይቀልባል። ትንሽ ከሳቱ ወይ ካልሲው ጎረቤት ሱቅ ይገባል፣ ወይ ባለቤቴ ይወርዳል። ልጄ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ትምህርት በሌለ ቀን ወርዋሪዋ እሷ ናት፣ አባቷን አንድም ቀን አላወረደችውም። እኔ ሁለቴ አውርጄዋለሁ። አንዱን እስካሁን ያነሳብኛል።

አንድ ቀን በሜዳው አጠገብ ስናልፍ ኳስ አጥር ዘሎ እግራችን ስር ወደቀ። ልጄ አንስታ ወርውራ መለሰችው። አሰልጣኙ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ኳሱን ቀልቦ እጁን እያራገፈ «ማማ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ። ሴቱን ሁሉ ማማ ነው የሚለው። ዕድሜዋን ጠየቀኝ፣ የትምህርት ቤቷን ደብዳቤ አሳየሁት፣ በቃው። ከአስራ ሁለት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ጋር ደባለቃት። «ከወንዶች ጋር?» አልኩት። «ወንዶቹ ከቻሏት» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ፔፐር የምንለው ነገር አለ፣ እዚህ አገር የምንኖርበት የጥገኝነት ወረቀት ነው፣ ፕሪቶሪያ ካለው የስደተኞች ቢሮ ነው የሚሰጠን። በወረርሽኙ ጊዜ ቢሮው ተዘግቶ ሁሉ ነገር በኢሜይል ሆነና፣ ልጄን በእኔ ፋይል ላይ ለማስገባት ቅጽ መሙላት ነበረብኝ። ባለቤቴ «ሰው እናሳየው» ሲለኝ «ምን? ዲፕሎማ ይዤ ቅጽ መሙላት ሊያቅተኝ?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሰጡኝን የክትባት ካርድ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አንድ በአንድ ገለበጥኩ። በእኛው አቆጣጠር፣ እንዳለ! ጥቅምት ሁለተኛ ወር ናት፣ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ፌብሩዋሪ ሆነች። ዓመቱንም ያው በዓመተ ምሕረት ደነቀርኩት። ፔፐሩ ሲመጣ ልጄ ከሰባት ዓመት በላይ አርጅታ መጣች። በዚያ ወረቀት ከተሄደ የተወለደችው ከሰርጌ በፊት ነው። እናቴ ብትሰማ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅን። ባለቤቴማ ለአንድ ሳምንት ያህል ልጅቷን «አንቱ» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰነበተ። ከዚያ ሳቁ ቀረና ፍርሃቱ መጣ። የጅምላ ሰፈር ሰው ሁሉ ጠበቃ ነው። «እንዳትነካኪው! አርሙልኝ ብለሽ ስትሄጂ አጭበርብረሻል ይሉሻል፣ ፋይልሽ ይከፈታል፣ ያለሽንም ታጫለሽ» አሉኝ። የባለቤቴም የልጄም ፔፐር የተንጠለጠለው በእኔ ፋይል ላይ ነው። የእኔ ከተነካ ሦስታችንም ሜዳ ላይ ነን። ዛሬ ነገ እያልኩ አምስት ዓመት ሞላኝ። ለልጄ አልነገርኳትም። ያስተማርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፔፐር ከማሚ ቦርሳ አይለይም።

የዚያን ቅዳሜ የመጡት ልጆች ከከተማው ሰሜን፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ናቸው። ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ቦርሳቸው አንድ ዓይነት። ወላጆቻቸው ጥላ ዘርግተው፣ በረዶ የሞላ ሳጥን ይዘው ሰፈሩ። የእኛዎቹ ልጆች ጓንት እየተዋዋሱ ነው የሚጫወቱት። «ዛሬ ተበላን» ብዬ ተቀመጥኩ።

ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆች ዱላቸውን አየር እያስመታች መለሰቻቸው። የእኛዎቹ ተራ ሲደርስ አራት ነጥብ አገቡ። እኔም ሰው ነኝ፣ ደስ አለኝ፣ እልል አልኩ። በሁለተኛው ዙር ዘጠኝ ሆነ። ይሄኔ ከዚያኛው ቡድን ነጥብ የምትጽፈው፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረገችው ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ልጄ ረጅም ናት፣ የአባቷ ዘር ነው። ሴትዮዋ ወደ ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ «ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» ስትል ሰማኋት።

ቦርሳዬን ከመሬት አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ደቂቃ በኋላ ጨዋታ አላየሁም፣ ያቺን ባርኔጣ ብቻ ነው ያየሁት። ነጥብ ሲጨመር ባርኔጣዋ ወደ ልጄ ይዞራል፣ ሌላ ነጥብ ሲጨመር ደግሞ ይዞራል። ዘጠኝ ለአንድ ቢሆን ማን ይጠይቃል? ዘጠኝ ለሁለት ቢሆን ማን ዕድሜ ይቆጥራል? ሰው ወረቀት የሚጠይቀው ባዶ ሲቀር ነው። ጌታ ሆይ፣ አንዲት ነጥብ፣ ምን ይጎዳሃል?

አስራ ሁለት ለባዶ ላይ አንድ ጠቃጠቆ ፊት ያለው ትንሽዬ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን ገልጦ እንጃ፣ ኳሷን መታት። ተነስቶ ሮጠ። አንደኛውን ማዕዘን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ። እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ሩጥ! ሩጥ የኔ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ! የእኛ ቡድን ወላጆች ዞረው አዩኝ። ልጁ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ደርሶ ቆመ። ልጄ የሚቀጥለውን መቺ በሦስት ውርወራ አስወጣችና ልጁ እዚያው እንደቆመ ዙሩ አለቀ። ቁጭ አልኩ።

ልጆቹ ውሃ ሊጠጡ ሲያርፉ ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ደም አየሁና ክው አልኩ። ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ ስትነቀንቀው የከረመችው የመጨረሻው የወተት መንጋጋዋ ወልቆ ነው። እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ጣሪያ ላይ ትወረውረዋለች፣ የሌሎቹን ጥርሶቿንም እንደዚያ ነው ያደረገችው፣ እኛም በልጅነታችን እንደዚያ ነበርን። ከዚያ አፌ አላርፍ አለና ጎተት አድርጌ «ስሚኝ የኔ እናት፣ በዚህ ዙር ለቀቅ አድርጊያቸው። አንድ ስጫቸው» አልኳት።

«ለምን?»

«ያሳዝናሉ።»

ልጆቹን ዞር ብላ አየቻቸው። «እነሱ ቢሆኑ ይሰጡኝ ነበር?» አለችኝና ወደ ሜዳው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የወረወረችው ካልሲ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ኳሷ ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማው ድምፅ እኔ ደረት ላይ ነበር የሚያርፈው። እየወረወረች ዓይኗ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ወደ ባርኔጣዋ አያለሁ።

ሰዓቱ አልቆ ፊሽካ ሲነፋ ሰሌዳው ላይ በእጅ የሚሰቀሉት ቁጥሮች አስራ ስምንት ለባዶ ይላሉ። አስራ ስምንት! በፔፐሩ የልጄ ዕድሜ ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ? አስራ ስምንት ነው። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ቁጥሩ ወጥቶ የተሰቀለብኝ መሰለኝ።

ልጆቹ ተሰልፈው ተጨባብጠው ሳይጨርሱ ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ወደ ውድድሩ ኃላፊ ሄደች። ኃላፊው ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ወደ አሰልጣኛችን መጥቶ ቅሬታ ቀርቧል፣ የወርዋሪዋ ዕድሜ ይረጋገጥ አለ። አሰልጣኙ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አወጣ። «ይሄ አይበቃም፣ የመንግሥት ወረቀት ነው የሚያስፈልገው» አለ ኃላፊው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩ።

ልጄ አጠገቤ ነበረች። ላብ በላብ ሆና፣ ኮፍያዋን ወደኋላ አዙራ። «ማሚ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነው እኮ» አለች በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሁሌም ቦርሳሽ ውስጥ ነው።» ልትረዳኝ ነው እኮ። ያስተማርኳትን ነው የደገመችው። ምን ልበላት?

ቦርሳዬን ከፈትኩ። መጀመሪያ የወጣው ሶፍቱ ነው፣ ተፈታና ጥርሱ ሳሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገውን ፔፐር አወጣሁና ሰጠሁት። ኃላፊው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ልጄን አየ። ባርኔጣዋ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ «አስራ ስምንት!» አለች።

«አስራ አንድ ነኝ» አለች ልጄ። ወደ እኔ ዞራ «ማሚ፣ አስራ አንድ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በእኛ አገር ዓመቱ ከዚህኛው ወደኋላ ነው፣ ወሩም ሌላ ነው እያልኩ ቀባጠርኩ። ሴትዮዋ «ሰባት ዓመት ወደኋላ የሚኖር አገር አለ?» አለችና ሳቀች። ከወላጆቹ መሃል ሌሎችም ሳቁ። ነደደኝ! «አዎ አለ! መቶ ሚሊዮን ሰው ሞልቶበታል!» አልኳት። እውነቱን እየተናገርኩ ግን እንደ ሌባ ነበር የሚያልበኝ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ዋሽቼ ቆሜ ማን ይመነኝ?

አሰልጣኛችን ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ከሳሩ ላይ አነሳ። መዳፉ ላይ አድርጎ ኃላፊው አፍንጫ ስር አቀረበለት። «ይሄ አሁን የወለቀ ነው፣ ደሙን እይ። ልጅቷ አፏን ትክፈትልህ። የወተት ጥርስ ያላት የአስራ ስምንት ዓመት ሴት አይተህ ታውቃለህ?» ኃላፊው ጥርሱን ብዙ አየው። ጥሩ ሰው ነው፣ ማዘኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ጥርሱን አምናለሁ» አለ፣ «የምጽፈው ግን ወረቀቱን ነው።»

ደንቡ እንዲህ ነው። በዕድሜ የተሰረዘ ጨዋታ፣ ከሳሹ ቡድን እንዳሸነፈ፣ የተከሰሰው ባዶ እንደወጣ ሆኖ ይጻፋል። ሜዳ ላይ አስራ ስምንት ለባዶ ያሸነፈች ልጅ ወረቀት ላይ በባዶ ተሸነፈች። ፔፐሯ እስኪስተካከልም እንዳትጫወት ተባለ። ኮፍያዋን አውልቃ ለአሰልጣኙ ሰጠችው። መልሶ ራሷ ላይ ደፋላትና «ኮፍያው ያንቺ ነው» አላት።

ቤታችን እስክንደርስ አላናገረችኝም። የምናልፍባቸው የሞዛምቢካውያን ሱቆች፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዶሮ ጠባሹ፣ ሁሉም ሲጠሯት ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ ስባ አለፈች። በራችን ላይ ስንደርስ «አንድ ስጫቸው ያልሽኝ ለዚህ ነው?» አለች። አዎ ማለት አቃተኝ። ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ስፈልግ አይታኝ ገባት።

ማታ ባለቤቴ ነገሩን ሰምቶ ብዙ ከተብሰለሰለ በኋላ፣ ቤቱ እንዲቀለው ብሎ «ነይ ጥርስሽን ጣሪያ ላይ እንወርውር» አላት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፔፐሩ ጎን አስቀመጠችው። «አይወረወርም። ማሚ ቢሮ ትውሰደው። ማስረጃ ነው።»

አንጀቴ ቁርጥ አለ። እንኳን እኔ፣ ባለቤቴም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጥርሷ እንኳ ወረቀት ሆነባት። ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በፍርሃቴ።

ሰኞ ፕሪቶሪያ ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ሰልፉ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ወደ ታክሲው ተመልሻለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ታክሲው ውስጥ ተቀምጬ ሁሉ ነበር። ከዚያ ያቺ «አስራ አንድ ነኝ አይደል?» ያለችኝ ትዝ አለችኝና ወረድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ቅጹን ማን ሞላው ስትለኝ «እኔ» አልኩ። ስህተቱ የማን ነው ስትለኝ «የኔ» አልኩ። ካርዱን አስተርጉሚ አለችኝ፣ አስተረጎምኩ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ የመሐላ ቃል አምጪ አለችኝ፣ አመጣሁ። ልጅቷን አምጪ አለችኝ። ልጄ በመስኮቱ ብቅ ስትል አየቻትና «አስራ ስምንት?» ብላ ሳቀች። ይሄኛው ሳቅ ግን አልነደደኝም። ፋይላችንም አልጠፋም፣ ማንም አላሰረኝም። አምስት ዓመት የፈራሁት ነገር በአራት ምልልስ አለቀ። የፈራሁባቸውን ዓመታት ሳስበው ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

አዲሱ ፔፐር በኢሜይል የመጣ ቀን ሱቅ አሳትሜ ይዤላት ገባሁ። የልደት ቀኗን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ትክክል ነው» አለች። የዚያን ቅዳሜ ውጤት ግን አልተመለሰም፣ መዝገቡ ላይ አሁንም ተሸንፋለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ጥርሱን ካስቀመጥኩበት የቅባት ቆርቆሮ አወጣችውና ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት።

«ያን ቀን ያሳዝናሉ ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አልኳት። «ፈርቼ ነው። ይቅር በዪኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ጥርሱን በጣቶቿ እያገላበጠች። «ያንን ልጅ ሩጥ የኔ ልጅ ስትዪው ሰምቼሻለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ ይሄን በልቧ ይዛ ነው ከእኔ ጋር የበላችው፣ የተኛችው፣ ካልሲ የወረወረችው። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፣ እሷ ግን በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝ፣ ለመወርወር ቦታ ፈልጋ ነው። አንድ እግሯን አነሳች። ከዚያ ቆም ብላ አየችኝ፣ ከሜዳው መሃል ሆና ስታየኝ እንደዋለችው።

«ወርውሪ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰሙ። «ወርውሪ የኔ ልጅ!»

ጥርሱ ጣሪያው ላይ አላረፈም። ጣሪያውን አልፎ ሄደ፣ የት እንደወደቀ አልሰማንም።